ለሰፌዱ የመጣ ሐኪም

«ዓሣውን የበከለችው እሷ ናት እልሃለሁ! ጣቶቿን አላየሃቸውም? መሀል መሀሉ ነጭ ሆኖ ተልጧል እኮ። በዚያ እጅ ነው ጠዋት ማታ ውሃውን የምታማስለው። አረፋው ይለፍና ክፍሉን ትልቀቅልን፤ ከወንድሞቿ ጋር ትኑር።»

ባሂራ ይህን የሰማችው የሳሎኑን በር በትከሻዋ ልትገፋ ስትል ነበር። በሁለት እጇ ሁለት ባልዲ ውሃ አንጠልጥላለች። ስልክ ላይ የነበረችው ዛህራ ናት፤ የቤቱ ባለቤት የሀያቱ ሚስት። ከባሏ ቀድማ ከአዲስ አበባ የመጣችው ቤቱን ለአረፋ ለማሰናዳት ነው፤ እሱ መርካቶ ያለውን ሱቁን ዘግቶ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ባሂራ ደግሞ የሀያቱ ታናሽ ወንድም የሟቹ የሙባሪክ ሚስት ናት። ባሏ ካረፈ ወዲህም ከትልቁ ቤት ጀርባ፣ አብረው በኖሩባት ሰርቪስ ክፍል ትኖራለች፤ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጇ ሃሊማም ለዕረፍት ስትመጣ የምትገባው እዚያችው ክፍል ነው። ሌላ ቤት የላቸውም። ከወንድሞቿ ጋር ትኑር ማለት ለተናጋሪው ይቀላል፤ ወንድሞቿ እንኳን ለእህታቸው ለገዛ ልጆቻቸውም መኝታ ጠቧቸዋል። ባሂራ ባልዲዎቹን መሬት አላስቀመጠችም። ስልኩ እስኪዘጋ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ ሳል አለችና «አሰላሙ ዐለይኩም» ብላ ገባች። ዛህራም «ወዐለይኩም ሰላም ባሂራዬ፣ እንዴት አደርሽ?» ብላ መለሰችላት። ሰው አሁን ያማውን ሰው ለማቆላመጥ የሚፈጥነውን ያህል ለሌላ ደግ ሥራ ቢፈጥን ይቺ አገር የት በደረሰች ነበር።

ሳሎኑ ሰፊ ነው። ቡታጅራ ውስጥ እንዲህ ያሉ ቤቶች ሞልተዋል፤ ባለቤቶቻቸው አዲስ አበባ እየነገዱ ይሠሯቸዋል፣ ዓመቱን ሙሉ ተዘግተው ይከርሙና ለአረፋ ወይም ለመስቀል ሳምንት ይከፈታሉ። ሶፋው ከፋብሪካ የወጣበት ላስቲክ እስከ ዛሬ አልተነሳለትም፤ የተቀመጠበት ሰው ሲነሳ ላስቲኩ ከልብሱ ጋር አብሮ ሊነሳ ይንኮሻኮሻል። የሳሎኑ ኩራት ግን ሶፋው አይደለም፤ በስተግራ ግድግዳውን ይዞ የቆመው የመስታወት ገንዳ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ፍጡር በትክክለኛ ስሙ ስቲንግሬይ ይባላል። ሀያቱ ካቻምና ከዱባይ ዕቃ ከሚያስመጣ ወዳጁ ገዝቶ፣ ውሃ በተሞላ ላስቲክ ውስጥ አድርጎ፣ እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አቅፎ ነው ያመጣው። ያኔ የሻይ ማስቀመጫ ያህል ነበር። አሁን ሰፌድ አክሏል፤ ክብ ነው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ ጥቁር ጀርባው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ተበትኖበታል፣ ከኋላው ደግሞ መርዘኛ እሾህ ያለው ጅራት አለው። ስሙ ለምላስ ስላስቸገረ ቤተሰቡም ጎረቤቱም «ሰፌዱ» ብሎት ቀረ። ለአረፋ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ ከሚታረደው በሬ አስቀድሞ የሚጎበኘው እሱን ነው። የሀያቱ እናት እማ ከድጄ ብቻ መጀመሪያ ቀን አይተውት «አይታለብ፣ አይታረድ፤ ታዲያ ለምኑ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ መልስ ሲያጡም ዳግመኛ አልጠየቁም።

የሰፌዱ ጣጣ ሁሉ የወደቀው ባሂራ ላይ ነው። የቧንቧ ውሃ በርሜል ውስጥ ታሳድራለች፤ በማግስቱ አሙቃ፣ በክርኗ ለክታ፣ በባልዲ እየተመላለሰች ትቀይራለች። ከጓሮው ከእንሰቱ ሥር ትል ቆፍራ ታበላዋለች። በዚህ ሁሉ መሀል እጇ የሚደርቅበት ሰዓት የለም፤ ከበልግ ጀምሮ በጣቶቿ መሀል ቆዳው እየነጣ ተላጠ፣ ያሳክካት ጀመር፣ ማታ ማታ ደግሞ እንደ በርበሬ ያቃጥላታል። ለሀያቱ በስልክ ነግራው ነበር። «ቅባት ቢጤ ግዢበት» አላት፤ ረሳው፤ እሷም ረሳችው መሰለች። እንዲያም ሆኖ ዓሣውን ትወደዋለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ የሰው ቤት ዓሣ እወዳለሁ ብሎ ማውራት ያሳፍራል። ግን ገና የእግሯን ኮቴ ሲሰማ ከአሸዋው ተነስቶ መስታወቱን በሆዱ እየዳሰሰ ይቀበላታል፤ በዚህ ግቢ ውስጥ ስትገባ ደስ የሚለው እሱ ብቻ የመሰለባት ቀን ብዙ ነው።

ያለፈው ሳምንት ታዲያ የሰፌዱ ክንፍ ጠርዝ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር በቀለበት። በማግስቱ ሰፋ። ትል ስትሰጠው ሸሸ። ባሂራ ደውላ ስትነግረው ሀያቱ ደንግጦ ያውቃል ያለውን ሰው ሁሉ ጠየቀ፤ የቡታጅራው የእንስሳት ሐኪም ለክትባት ገጠር ወጥቷል ቢሉት ከወልቂጤ አንዱን አስፈልጎ በአገና በኩል በኮንትራት መኪና እንዲመጣ አደረገ። በአንድ ቀን ውስጥ! እጇን እያከከች ይህን የሰማችው ባሂራ አልተቀየመችም ብል እዋሻለሁ። ተቀይማለች። ቅያሜዋን ግን ሆድ ይፍጀው ብላ በርሜሏን ሞላች።

አሁን ባልዲዎቹን ገንዳው አጠገብ አስቀምጣ ጎንበስ አለች። የውሃው ፊት በሙሉ ወርቅማ ዓይን ዓይን ሠርቷል። ቅቤ ነው። ተራ ቅቤም አይደለም፤ ሽታው ከሩቅ ይታወቃል፤ እማ ከድጄ ከዊጆ ድርሻቸው፣ ሴቶቹ በየተራ እያዋጡ ከሚያጠራቅሙት ቅቤ፣ ለመድኃኒት ብለው ቅጠል ጨምረው በትንሽ ቅል የሚያስቀምጡት የከረመ ቅቤ ነው። የልጅ ራስ በሱ ይቀባል፣ የላም ጡት ሲቆስል በሱ ይታሻል፣ ባለፈው ማታም የባሂራን ጣቶች አንድ በአንድ ያሹላት በሱ ነው። ሰፌዱ ታፍኖ አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ ያለከልካል። ባሂራ ቀና ብላ ወደ ጥጉ አየች። እማ ከድጄ መስገጃቸው ላይ ተቀምጠው የሙስባሃ ዶቃ ይቆጥራሉ። የቀኝ እጃቸው በሻሻቸው ጫፍ ተሸፍኗል፤ እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ርሷል። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። አሮጊቷ ቀድመው አቀረቀሩ።

«ይሄ ደግሞ የምን ቅባት ነው?» አለች ዛህራ ከኋላዋ መጥታ። «ያረቢ! ውሃው ወጥ መስሏል እኮ! ማነው ይሄን ያደረገው?»

በሳሎኑ ውስጥ የሙስባሃው ድምፅ ቆመ። እዚህ ላይ ባሂራ እውነቱን ብትናገር ማን ይፈርድባት ነበር? ክፍሏ ሊወሰድ ነው፣ ስሟ ጠፍቷል፤ አንድ ቃል ብትተነፍስ ነፃ ትወጣለች። ግን እኚያ አሮጊት ሙባሪክ የሞተ ቀን ለቀስተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት እጇን ይዘው «ይቺ የኔ ናት» ብለዋል። በአረፋ ዋዜማ፣ ያውም ሴቶቹ ራሳቸው በሚያከብሩት በሴቶች አረፋ ቀን፣ እናትን በምራት ፊት ማዋረድ ደግሞ በባሂራ ቤት አልተለመደም።

«እኔ ነኝ» አለች። «ያድነው ብዬ ነው።»

ዛህራ ስልኳን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። «አንቺ ልጅ፣ አላህ ይይልሽ» ብላ ወደ ማእድ ቤት ገባች፤ ጎመን ይከትፉ የነበሩ ሁለት አጋዥ ሴቶች ወዲያው ብቅ ብለው ባሂራን አዩ። ነገሩ ተነግሯቸዋል ማለት ነው። ሙስባሃው ቆይቶ እንደገና መንቆጫቆጭ ጀመረ፤ ቆጠራው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም፤ ሄድ ይልና ይቆማል።

ሐኪሙ የደረሰው ከቀትር በፊት ነው። ሽባባው ይባላል፤ የጎጃም ሰው ነው፣ ወልቂጤ ሲሠራ ዓመታት ሆኖታል፣ ቦቲ ጫማው ላይ የአገና ጭቃ ደርቋል። ገንዳውን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። «እውነቱን ልንገራችሁ» አለ። «እኔ የማውቀው ላምና በግ ነው። ይሄን በሕይወቴ ማየቴ የመጀመሪያዬ ነው። ብቻ ዝዋይ ዓሣ ላይ የሚሠራ የክፍል ጓደኛ አለኝ፤ ፎቶውን ልኬለት መንገዱን ሙሉ በስልክ ስንነጋገር ነው የመጣሁት።» ዛህራ ፊቷ ጠቆረ፤ በኮንትራት መኪና የመጣ ሰው አላውቅም ሲል መስማት ደስ አይልም። ባሂራ ግን ደስ አላት፤ የማያውቀውን አላውቅም የሚል ሐኪም አይታ አታውቅም ነበር።

መጀመሪያ ቅቤውን አነሱት። ሽባባው ነጭ ሶፍት ዘርግቶ የውሃው ፊት ላይ እያስተኛ፣ ቅቤውን ሲጠጣ ቀስ ብሎ ያነሳል፤ ባሂራ የተነሳውን ትቀበለዋለች። እስኪጠራ ድረስ ብዙ ሶፍት ጨረሱ። ዓሣው ማለክለኩን ተወና ወደ አሸዋው ወረደ። ከዚያ ሽባባው በባትሪ ብርሃን ቁስሉን አየ፣ ጓደኛውን በቪዲዮ ደውሎ አሳየው፣ «እህ… እህ… ይሄውልህ እዚህ ጋ» እያለ ብዙ አወሩ። ሲጨርስ ወደ ሴቶቹ ዞረ።

«ፈንገስ ነው። ውሃ ውስጥ ያለ ሻጋታ በሉት፤ ጤነኛ ቆዳ ላይ አይወጣም፣ ቁስል ሲያገኝ ነው የሚይዝ። ይሄ ቁስል ደግሞ ቃጠሎ ነው። አያችሁ ይሄን ማሞቂያ? መከለያ የለውም። መብራት ሲጠፋ ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ሲመጣ ማሞቂያው ይግላል፤ ብርድ የያዘው ፍጡር ደግሞ ሙቀት ፍለጋ ሄዶ ይለጠፍበታል።»

የማሞቂያው መከለያ ከተሰበረ ቆይቷል። ባሂራ ሁለቴ ደውላ ነግራዋለች፤ ሀያቱ ሁለቴም «ከአዲስ አበባ እልካለሁ» ብሏል። ባሂራ ይህን አላነሳችም። ዛህራ ግን ጣቷን ወደ ባሂራ እጅ ቀሰረች።

«የሷስ? ከሷ አይደለም የተጋባበት?»

ሽባባው መነጽሩን አስተካክሎ የባሂራን እጅ ሳይነካ አየው፤ እሷ ልትሸሽገው ስትል «ቆይ እህቴ» አላት። «ይሄም ፈንገስ ነው፤ ግን ሌላ ዓይነት ነው። የሷ ለዓሣው፣ የዓሣው ለሷ አልተጋባም። እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም፤ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ታዪ። እስከዚያ ግን ይሄ እጅ ውሃ አይንካ። አድርቂው። ካላደረቅሽው ምን ቅባት ቢቀቡሽ ከንቱ ነው።»

ከቦርሳው ትንሽ ሰማያዊ መድኃኒት አወጣ፤ ከዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ለምኖ ያመጣው ነው። ስንት ጠብታ በምን ያህል ውሃ እንደሆነ አሳያት። ጨው እንዳይጨምሩ፣ ሌላ ምንም እንዳይቀቡት አስጠነቀቀ። «ዋናው መድኃኒት ግን ንጹሕ ውሃ ነው» አለ። «ያደረ፣ የሞቀ ውሃ። የገንዳውን ሲሶ በየቀኑ ቀይሩለት፤ ሁለት ሳምንት ሳይቋረጥ። ከተቋረጠ አይድንም።»

ይህን ተናግሮ ቀና አለ። ባሂራን አየ፣ ባልዲዎቹን አየ። ለዓሣው ያዘዘውና ለሴትየዋ ያዘዘው ባንድ ቤት አብረው የማይፈጸሙ መሆናቸው የገባው ያን ጊዜ ነው መሰለኝ።

«ምንም አይደል» አለች ዛህራ ቀለል አድርጋ። «ዓሣው ይዳንና ከዚያ በኋላ እጇን ታደርቃለች።»

«እሺ» አለች ባሂራ።

ይቺን «እሺ» ሳስባት አንጀቴን ትበላኛለች። ክፉ ሰው ስላናገራት አይደለም፤ ዛህራ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ልጆቿን በሥርዓት ያሳደገች፣ ጎረቤት ሲታመም ገንፎ ይዛ የምትሄድ ሴት ናት። ባሂራን ግን ከባልዲው ለይታ አይታት አታውቅም። ሽባባው ምሳ ብላ ቢሉት መንገዱ ሩቅ ነው ብሎ ተሰናበተ። በሩ ላይ ባሂራን ጠጋ ብሎ «የፕላስቲክ ጓንት እንኳ ፈልጊ» አላት፤ እሱም ቢሆን በዋዜማ የትኛው ሱቅ ክፍት እንደሆነ አልነገራትም።

ሀያቱ የመጣው ከዐስር ሰላት በኋላ ነው። መኪናው ግቢው ሲገባ ጥሩንባው ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣ፤ ጀለቢያው ነጭ ነው፣ ፊቱ የመንገድ ድካም አለበት፣ ሳቁ ግን እንደ ሁልጊዜው ሰፊ ነው። እናቱን ጉልበት ስሞ፣ ሚስቱን በዓይኑ ሰላም ብሎ፣ በቀጥታ ወደ ገንዳው ሄደ። የሴቶች አረፋ ገበታ ቀርቧል፤ ጎመን ክትፎው በጣባ ተሞልቶ ቅቤው ከላይ ቀልጦ ይንፈቀፈቃል፣ አይቡ በጎኑ አለ፣ ቆጮው ተቆርጦ ተደርድሯል። ሴቶቹ ምንጣፉ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ባሂራ እንደ ልማዷ በሩ አጠገብ ናት፤ የተጠራች እንደሆነ ለመነሳት ይመቻል።

ሀያቱ መስታወቱ ላይ ግንባሩን አስደግፎ ቆየ። «ቅቤ ቀቡት ስትዪኝ አላመንኩም ነበር» አለ ለሚስቱ። ከዚያ ዞረ። «ባሂራ፣ አንቺ ነሽ?»

«እሷ ናት። ራሷ አምናለች» አለች ዛህራ።

«ይቅርታ ጋሼ» አለች ባሂራ መሬት መሬት እያየች።

ሀያቱ ተነፈሰ። ሰውን ማሰናበት የማይወድ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሲያሰናብት ድምፁን በጣም ያለሰልሳል። «እንግዲህ ባሂራ፣ አንቺም ደክሞሻል። እኛም እያየን ነው። አረፋው ሲያልፍ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን፤ ስለ ክፍሉም…»

«ሀያቱ» አሉ እማ ከድጄ።

ድምፃቸው ከፍ አላለም። ቀኑን ሙሉ ስላልተናገሩ ግን ሁሉም ሰው ዘወር አለ። ቀኝ እጃቸውን ከሻሻቸው ሥር አወጡና ወደ ልጃቸው ዘረጉት። «ና አሽትት።»

«እማ ምን ሆነሻል?»

«አሽትት አልኩህ።»

ሀያቱ ተንበርክኮ የእናቱን እጅ አሸተተ። ከልጅነቱ ጀምሮ ራሱን የተቀባበት ቅቤ ነው፤ ሊስተው አይችልም። ቀና ብሎ አያቸው።

«የቀባሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ላምህን ያዳንኩበት ነው፤ አንተንም ያዳንኩበት ነው፤ ይሄንንም ያድነዋል ብዬ ነው፤ ዓሣ ቅቤ እንደማይችል ማን ነገረኝ? ይቺ ልጅ ግን አየችኝ፤ አይታኝም እኔ ነኝ አለች። እኔም ዝም አልኩ። ከጠዋት ጀምሮ የዝክሬ ቁጥር እየጠፋብኝ ስንቴ ከአንድ እንደጀመርኩ አላህ ያውቃል። አፈርኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ ምራቴን ፈራሁ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ክፍሉን ትልቀቅ ስትባልም ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው። ሙባሪክ ያረፈበት ክፍል ነው። እሷ ከወጣች እኔም ምንጣፌን ጠቅልዬ እከተላታለሁ፤ እዚህ ከሰፌድህ ጋር ትቀራለህ።»

ዛህራ የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች። ሀያቱ ማሞቂያውን አየ፤ ውሃው ውስጥ ራቁቱን የቆመውን ብረት። እልካለሁ ያለውን ያስታወሰው ይመስለኛል፤ አንገቱ ድረስ ቀላ።

«ማንም የትም አይሄድም እማ» አለ። «ወላሂ አይሄድም።»

«እንግዲያው ባልዲው ያውልህ። ሐኪሙ በየቀኑ ይቀየር ብሏል፤ የዛሬው አልተቀየረም። ዓሣው ያንተ ነው፣ እጁም ያንተ ይሁን።»

ሀያቱ የእናቱን ፊት እንደ ቀልድ ፈልጎ አየው፤ ቀልድ አጣበት። የጀለቢያውን እጅጌ ሰብስቦ ባልዲውን አነሳ። ባሂራ ከልማዷ ብድግ ብላ ልትቀበለው ስትል አሮጊቷ እጅጌዋን ያዟት። «አንቺ ተቀመጪ። ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«አድርቂው አለኝ።»

«እንግዲያው አድርቂው።»

ተቀመጠች። እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ሌላ የሚቀመጡበት ቦታ አላወቀችም። ሀያቱ ከበርሜል ቀድቶ፣ አሙቆ ሲመላለስ ግማሹን ምንጣፉ ላይ ደፋው፣ ጫማው ራሰ፣ ጀለቢያው ጉልበቱ ድረስ ውሃ ሆነ። ሰፌዱ ከአሸዋው ተነስቶ ውሃ ወደሚያፈስለት ሰው አልሄደም፤ ባሂራ በተቀመጠችበት በኩል መጥቶ መስታወቱን በሆዱ ዳሰሰ። ጥጡ አሁንም ክንፉ ላይ አለ፤ ይድን እንደሆነ ገና አይታወቅም።

ከዚያ የእጅ መታጠቢያው ቀረበ። ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ ባሂራ ጋ ደረሰ። እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው። ሳትታጠብ ገበታ አትነካ፤ ብትታጠብ ደግሞ ይረጥባል። ለገበታው የተቆረጠው ቆጮ ፊቷ ተቀምጦ እሷ ሁለት እጆቿን ታይ ጀመር። እማ ከድጄ በታጠበ እጃቸው ቆጮ ቆርሰው፣ ጎመኑን ጠቅልለው፣ አይብ ጨምረው አጎረሷት። ባሂራ እንባዋ እየወረደ አላመጠች። ቀጥሎ የመጣው ጉርሻ ግን ከአሮጊቷ እጅ አልነበረም። ዛህራ ናት፤ ዓይኗን ሌላ ቦታ አድርጋ፣ እጇን ወደ ባሂራ አፍ ዘርግታ ትጠብቃለች። ባሂራ አፏን ከፈተች። ጉርሻው ትልቅ ነበር፤ ቅቤው ከከንፈሯ ተርፎ አገጯ ላይ ወረደ። ልትጠርገው እጇን ስታነሳ ዛህራ «ተይው፣ አትንኪው» አለችና በገዛ ሻሿ ጫፍ ጠረገችላት።